ኳሱ ካረፈበት

(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱን ከማንበቤ በፊት ስለ ጎልፍ ልናገር ነው። አትሳቁብኝ። ለሥልጠና አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ በቴሌቪዥን አይቼው ነው። እንደ ገና ጨዋታ ዱላና ኳስ አለው፤ ኳሱን የሚነጥቅ ግን የለም። በጥቂት ምት ጉድጓድ ያስገባ ያሸንፋል። ዋናው ሕግ ኳሱን ካረፈበት መምታት ነው፤ ሣር ላይም ይሁን እሾህ ሥር።

ስፔናዊው ሴቬ ባሌስቴሮስ በልጅነቱ የተማረው በባሕር ዳር አሸዋ ላይ፣ በአንዲት ዱላ ነው፤ ሕጉ እስከ 14 ይፈቅዳል። በፈረንጆች 1979 በእንግሊዝ ትልቁ ውድድር፣ በመጨረሻው ቀን ኳሱ መኪኖች የቆሙበት ቦታ ገባ። ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት ያለ ቅጣት አንሥቶ አጠገቡ ጣለው፤ ከዚያ መትቶ ጉድጓዱ ያለበት ሣር ላይ አሳረፈው፤ በቀጣዩ ምት አስገባው፤ ዋንጫውንም ወሰደ። አሜሪካዊው ቡባ ዋትሰንም በ2012 ጫካ ገብቶበት፣ ኳሱን በዛፎች መካከል አውጥቶ አየር ላይ ወደ ቀኝ አጥፎ አሸንፏል።

ይህ ለተልተሌ ሴት እንግዳ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከዱን፣ ለከብት የተበደረችውን ብር ሻይ ቤት የከፈተችበት እህት እዚሁ ተቀምጣለች።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ሕግ ነው። ኳሱ ጨርሶ የማይመታ ቦታ ሲገባ ተጫዋቹ «አይመታም» ይላል። ይህን የሚወስነው እሱ ብቻ ነው፤ ዳኛም አይወስንለትም። አንድ ምት ይቀጣል፤ ከሁለት ዱላ ርዝመት ሳያልፍ፣ ወደ ጉድጓዱም ሳይቀርብ ኳሱን አውጥቶ ይቀጥላል። ቅጣቱ ይጻፋል። ምቱን አሳንሶ ጽፎ የፈረመ ከውድድር ይባረራል።

የእኛስ መዝገብ? ከብታቸው ያለቀባቸው አባላት ብድር እስከ ዛሬ «የሚሰበሰብ» በሚለው ሥር ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለደጋፊዎች ሲላክ ቁጥሩ ያምራል። እነዚያ እህቶች ግን ስብሰባ መምጣት ትተዋል፤ ገበያ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። ባለፈው ወር አንዷ ቤት ሄድኩ። ቡና አፈላችልኝ፤ ሦስቱንም ጠጥቼ ስለ ዕዳው አንድ ቃል ሳንነጋገር ወጣሁ።

ቦረና ከብት ላለቀበት ወገኑ በቡሳ ጎኖፋ ያዋጣለታል። ከብትህ አልሞተም ግን አይለውም።

ስለዚህ ሦስተኛው አጀንዳ ይህ ነው፦ መክፈል ያልቻለች አባል ራሷ ትናገር፤ ኪሳራው በግልጽ ይጻፍ፤ ጉባኤው የሚወስነው ትንሽ ቅጣት ከቁጠባዋ ይያዝ፤ ከዚያ እንደገና መበደር ትችል። ደጋፊዎቻችንም የዘንድሮው የሚሰበሰብ ብድር ቀንሶ ታገኙታላችሁ፤ ምክንያቱ ከሥሩ ተጽፏል። ሠንጠረዡ በር ላይ ተለጥፏል፤ ከሻይ በኋላ እጅ እናወጣለን።