ቀጭኑ መርፌ የማይመልሰው ጥያቄ

«የጡቷን እብጠት በመርፌ መርምረው ካንሰር ነው አሉ» የሚል ስልክ ከአገር ቤት የደረሰው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም። ገንዘብ ለመላክ እንፈጥናለን፤ ደግ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ በየትኛው መርፌ?

አብዛኛው የጡት ካንሰር የሚነሳው ከወተት ቱቦዎች ነው። የታመሙት ሴሎች ቱቦውን የከበበውን ስስ ሽፋን ሳያልፉ እዚያው ካሉ ጀማሪ ነው፤ ሐኪሞች ደረጃ 0 ይሉታል፤ ኬሞ አይታዘዝለትም። ሽፋኑን ከጣሰ ወራሪ ይባላል፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

አገር ቤት ቶሎ የሚገኘው በቀጭን መርፌ ሴል ስቦ ማየት ነው፤ ኤፍኤንኤ የሚሉት። ርካሽና ፈጣን ስለሆነ አልንቀውም። ግን የሚያወጣው የተበታተነ ሴል ብቻ ነው። በረት ውስጥ ካለ ከብትና አጥር ጥሶ ማሳ ከገባ ከብት የሚነጨው ፀጉር ያው ነው፤ ፀጉሩን አይቶ ከብቱ የት እንደቆመ ማወቅ አይቻልም። ካንሰሩ ሽፋኑን መጣስ አለመጣሱን ለመለየት ወፈር ባለ መርፌ ቁራጭ ሥጋ የሚወሰድበት ባዮፕሲ ያስፈልጋል። ቁራጩን የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ከተጠራጠረ በልዩ ቀለም የቱቦውን የውጭ ረድፍ ሴሎች ይፈልጋል፤ ረድፉ ከጠፋ ወራሪ ነው ብሎ ይጠረጥራል።

ይህም የመጨረሻ ቃል አይደለም። በባዮፕሲ «ጀማሪ» ከተባሉት ከአራቱ አንዱ ያህል፣ በቀዶ ሕክምና ሙሉው ሲወጣ ወራሪ ሆኖ ይገኛል። መርፌው የነካው አንዱን ጥግ ነዋ።

ማሞግራፊስ፣ የጡት ራጁስ፣ ትሉኝ ይሆናል። ጀማሪው ብዙ ጊዜ በእጅ አይዳሰስም፤ ማሞግራፊ ላይ ግን ጥቃቅን የካልሲየም ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። እንደ ካምባ ባለ ሩቅ ወረዳ ያለች እናት ሳያማት ማሞግራፊ ለመነሳት አርባ ምንጭ ወይም አዲስ አበባ ትሄዳለች ብሎ ማሰብ ይከብደኛል፤ መንገዱን ለምታውቁት አልነግራችሁም። ስለዚህ እብጠቱ በእጅ ተዳሶ ሲመጣ ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ወራሪ ስለሚሆን የሚቀረው ጥያቄ «እስከ የት ደረሰ?» ነው፤ ያኔ የብብቱ፣ የጉበቱና የሳንባው ምርመራ ይከተላል።

«ስለት ከነካው ይባባሳል» የሚሉ ዘመዶች አሉን። ባዮፕሲ መወሰዱ የታማሚዋን ዕድሜ አያሳጥርም፤ ዕድሜዋን የሚያሳጥረው ፍርሃቱ የሚያመጣው መዘግየት ነው።

ወራሪ ከሆነም ቁራጩ ሥጋ ሌላ ነገር ይነግረናል፦ ሆርሞን ተቀባይ አለው ወይስ የለውም? በፈረንጆቹ 2014 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ከታዩ 352 ሕሙማን 65 በመቶው የኤስትሮጅን ሆርሞን ተቀባይ እንዳላቸው አሳይቷል። ለእነሱ ታሞክሲፌን የተባለው ርካሽ ክኒን ይሠራል፤ ሳይመረመር ግን ለማን እንደሚሰጥ አይታወቅም።

ምርመራው የሚነበበው ሩቅ ከተማ ከሆነ ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ ፈሳሹም ከሥጋው አሥር እጥፍ ይሁን። ለሆርሞን ምርመራው ፎርማሊን ውስጥ መቆየት ያለበት ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ተወስዶ በሳምንቱ አውቶቡስ ላይ የሚጫን ናሙና ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ስልኩን ስታነሱ የሚላክበትን ቀን፣ የፓቶሎጂውን ወረቀትና ናሙናው በሰም የታሸገበት ብሎክ የት እንደተቀመጠ ጠይቁ። ብሎኩ ካለ ቀሪው ምርመራ ዳግም መርፌ ሳያስፈልግ ከዚያው ተቆርጦ ይሠራል።