ክፍል 2 የት ገባ? የፋይል ስም ጉዳይ፣ ከረሆቮት ባቡር ጣቢያ

ዛሬ ስቱዲዮ ውስጥ አይደለሁም። ረሆቮት ባቡር ጣቢያ፣ ራጺፉ ላይ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ይዤ ነው የምቀርጸው፤ ስለዚህ በመሀል ማስታወቂያ ቢጮህ፣ ባቡር ቢያልፍ ይቅርታ። የምጠብቀው አክስቴን ነው። ከአሽቀሎን በኩል በሚመጣው ባቡር ትደርሳለች፤ ቦርሳዋ ውስጥ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አለ። ያ ስልክ ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀኝ እስክትመጣ ድረስ ልንገራችሁ።

በ2018፣ ከሲግድ በፊት በነበሩት ሳምንታት፣ የእናቴን እናት፣ እማማን፣ ኪርያት ሞሼ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ቁጭ አድርጌ ድምፃቸውን ቀረጽኩ። 31 ፋይል ወጣው። ከአምቦበር ተነስተው በእግር እስከ ሱዳን ድንበር የሄዱበት፣ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር። ኡም ራኩባ ስሙ ሲነሳ የብዙዎቻችን ቤት ዝም እንደሚል ታውቃላችሁ። በመንገድና በሱዳን ሰፈሮች ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚጠጉ ይነገራል፤ ኢየሩሳሌም፣ ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እማማ ግን ቁጥር አይናገሩም ነበር። የሚያውቁት ስም ነው። አንድ ምሽት ከእኛ ዘመዶች እዚያ የተቀበሩትን አንድ በአንድ፣ ከነአባታቸው ከነአያታቸው ጠሩልኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ እሳቸውም አረፉ።

እኔ ደግሞ ያንን ፋይል እንዲህ ብዬ ሰየምኩት፦ «እማማ በኡም ራኩባ ሰፈር ስለቀበሯቸው ዘመዶቻችን ስም በስም የተናገሩት ከሲግድ በፊት ክፍል 2»፣ መጨረሻው ላይ ነጥብ ኤምፒ3።

ቆንጆ ስም ነው አይደል? ሁሉም ነገር አለበት። ማን፣ የት፣ ስለ ምን፣ መቼ። በአማርኛ መጻፌም አኩርቶኝ ነበር፤ እንደ ሌላው ጊዜ በላቲን ፊደል «ኢማማ ፋይናል ፋይናል 2» አላልኩም።

ከዚያ ሁሉንም ወደ አንድ የቤት ማከማቻ ገለበጥኩ። ሣጥን የምታህል፣ ውስጧ ሊኑክስ የሚሠራ ዕቃ ናት። ሌባ ቢወስዳት እንኳ እንዳይከፍታት ፎልደሩን መሠጠርኩት። ግልበጣው አለቀ፣ «ተጠናቋል» አለኝ፣ እኔም ተኛሁ። ዓመታት አለፉ። የላፕቶፔ ዲስክ አንድ ቀን ጠዋት «ቀጭ ቀጭ» ብሎ ሞተ። ግድ የለም፣ ቅጂ አለኝ ብዬ ማከማቻዋን ከፈትኩ። 27 ፋይል። አራቱ የሉም።

የግልበጣውን መዝገብ፣ ሎጉን፣ የዚያን ቀን አነበብኩት። ቀኑን ሙሉ ማንበብ የነበረብኝ ከዓመታት በፊት ነው፣ ጥፋቱ የራሴ ነው። አራት መስመር ላይ አንድ ዓይነት ነገር ተጽፏል፦ የፋይሉ ስም በጣም ረዥም ነው። አልፎታል። ዘሎት ሄዷል።

እንዴት? ላፕቶፑ ላይ እኮ ያለችግር ይከፈት ነበር!

ጉዳዩ አቆጣጠር ነው። ዊንዶውስ የፋይል ስም ሲቆጥር «ሀ» አንድ ናት፣ የላቲን ኤም አንድ ናት፣ የዕብራይስጥ አሌፍም አንድ ናት። ለአንድ ስም 255 ይፈቅዳል። የእኔን ስም ቁጠሩት፤ 46 የግዕዝ ፊደል፣ 12 ክፍት ቦታ፣ አንድ አኃዝ፣ ከነቅጥያው 63 ነው። ከ255 ጋር ሲተያይ ምንም አይደል። ሊኑክስም ጣሪያው ብዙ ጊዜ 255 ነው፣ ግን የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። ስሞች የሚጻፉበት ዩቲኤፍ-8 ደግሞ ለላቲን ፊደል አንድ ባይት፣ ለዕብራይስጥ ሁለት፣ ለእኛ ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በአንድ 255 ውስጥ እንግሊዝኛ 255 ፊደል ይጽፋል፣ ዕብራይስጥ 127፣ አማርኛ 85። ተንኮል አይደለም፤ ዩኒኮድ ላይ ቁጥር ሲታደል የእኛ ፊደል በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ነው የገባው፣ የደረሰው ቁጥርም ሦስት ባይት የሚጠይቀው ሰፈር ውስጥ ነው።

ምስጠራ ሲጨመር ይብሳል። ስሙ ራሱ ስለሚመሠጠር፣ የተመሠጠረው ደግሞ ከዋናው ስለሚረዝም፣ እንደኔ ባለው ፎልደር ውስጥ ለስም የሚቀረው 143 ባይት ነው። የእኔ ስም ስንት ነበር? 155። አሁን የሚያበሳጨኝን ልንገራችሁ፤ «ክፍል 2» የሚለውን ባልጨምር ኖሮ ልክ 143 ይሆን ነበር። ልክ! አንድ ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ ነው የቆጠርኩት። የቀበርኩት ፋይል በ12 ባይት ነው የቀረብኝ።

(የጣቢያ ማስታወቂያ ይሰማል)

ወደ ሎድ የሚሄደው ነው፤ የእኛ አይደለም።

እና ከዚያ ወዲህ ይሄን ነገር ትንሽ ቆፈርኩት። የፋይል ስም ሲረዝም ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ እኔ ጋ የተጀመረ አይደለም። የዶስ ዘመን ሰዎች ስምንት ፊደል ነጥብ ሦስት ፊደል ብቻ ነበራቸው። ነሐሴ 1995 ዊንዶውስ 95 ሲወጣ እስከ 255 ፊደል ተፈቀደ። ግን ዲስኩ ላይ ያለው የስም መዝገብ ያው የድሮው ነው፤ እያንዳንዱ መስመር 32 ባይት፣ ለስም የተተወው ቦታ 11 ፊደል። ታዲያ ረዥሙን ስም የት ያስቀምጡት? እየቆራረጡ፣ 13 ፊደል 13 ፊደል፣ በተጨማሪ መስመሮች ላይ አስቀመጡት። የድሮ ፕሮግራሞች እንዳይደናገጡ ደግሞ እነዚያን መስመሮች ድብቅ ነው፣ የሲስተም ነው፣ አይነካም፣ የዲስክ ስም ነው የሚሉ አራት ምልክቶች በአንዴ ለጠፉባቸው። እንዲህ ያለ ነገር ጤነኛ ፋይል ላይ ስለማይገኝ የድሮው ፕሮግራም አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

ብልሃት ነው፣ ግን ዋጋ አለው። ባለ 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ዋናው ማውጫው 224 መስመር ብቻ ነበረው። 255 ፊደል ያለው ስም 20 ተጨማሪ መስመርና አንድ የአጭር ስም መስመር ይበላል። አስሩን ስታስገባ 210። አስራ አንደኛው አይገባም። ፋይሎቹ ባዶ ቢሆኑ እንኳ፣ ዲስኩ ላይ ቦታ ሞልቶ ቢተርፍ እንኳ፣ ዲስኩ ሞልቷል ይላችኋል። የሞላው ስሙ ነው።

ፕሮግራሞቹም ተናጉ። ዲስክ እናስተካክላለን የሚሉ የድሮ መሣሪያዎች እነዚያን እንግዳ መስመሮች ሲያዩ ስህተት መስሏቸው ያጠፉ ነበር፤ ፋይሉ ይተርፋል፣ ረዥም ስሙ ይሞታል። ማይክሮሶፍት ራሱ ስሞቹን አስቀድሞ መዝግቦ ኋላ የሚመልስ ትንሽ መሣሪያ በዊንዶውስ 95 ሲዲ ላይ ጨምሮ ነበር። ስም ውስጥ ክፍት ቦታ መፈቀዱም ሌላ ጣጣ ነው፤ በትእዛዝ መስመር የሚሠራ ፕሮግራም ጥቅስ ካላደረጋችሁበት አንዱን ስም ሁለት ፋይል አድርጎ ያነበዋል። ዛሬም።

ለድሮ ፕሮግራም የሚታየው አጭር ስም ደግሞ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊደላት፣ ከዚያ የሞገድ ምልክት፣ ከዚያ ቁጥር። ፕሮግራም ፋይልስ የሚባለው ፎልደር «ፕሮግራ~1» ይባላል። ይሄን ሳይ የቤታችን ቴኡዳት ዘሁት ትዝ አለኝ። እማማ አገር ቤት እገሊት የእገሌ ልጅ የእገሌ፣ እያለ እስከ ሰባት ቤት የሚሄድ ስም ነበራቸው። እዚህ ቅጹ ሁለት ሣጥን ነው፤ ሼም ፕራቲ፣ ሼም ሚሽፓሃ። የአያት ስም ሁለተኛው ሣጥን ገባ፣ ልጆቹ ደግሞ ትምህርት ቤት ሲገቡ የመጀመሪያውም ተቀየረላቸው። አጎቴ ሁለት ስም ነው ያለው፣ አንዱ ለሥራ አንዱ ለቤት። የሞገዱ ምልክት ብቻ ነው የጎደለው።

በነገራችን ላይ ያኔ በአማርኛ የፋይል ስም መጻፍ አይታሰብም። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፕሮግራሞች ፊደሉን የሚያሳዩት በፎንት ነው፤ ከስሩ ያለው የላቲን ኮድ ነው። ደብዳቤው ውስጥ ፎንቱን መምረጥ ትችላላችሁ፣ የፋይሉን ስም የሚያሳየው መስኮት ግን በሲስተሙ ፎንት ስለሆነ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው የሚወጣው። ሰው ሁሉ ደብዳቤውን በአማርኛ ጽፎ ስሙን በላቲን መስጠት የለመደው ለዚህ ይመስለኛል። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ለገበያ ሲቀርብ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ፤ ልማዱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

አንድ ሌላ የእኛ የራሳችን ጉድ አለ። እማማ ካረፉ በኋላ የሌሎች ሽማግሌዎችን ቅጂ መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። ስማቸውን በሠንጠረዥ ጻፍኩና ፋይሎቹን የሚሰይም ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ሠራሁ። ፎልደር ከጎደለ ራስህ ፍጠር ብዬዋለሁ። ሮጠ፣ አለቀ። ስከፍተው «ወ» የሚባል ፎልደር አለ። ውስጡ «ሮ» ብለው የሚጀምሩ አስራ ሁለት ፋይሎች። ገባችሁ? «ወ/ሮ» ስንጽፍ ያቺ ዘንባላ መስመር ለኮምፒውተሩ የፎልደር መለያ ናት! «ዶ» የሚባልም ነበር፣ ውስጡ አንድ «ር» ብቻውን ተቀምጧል። የዊንዶውስ የፋይል መስኮት ላይ በእጅ ብትጽፉት ደግሞ ጭራሽ አልቀበልም ይላል። ስለዚህ በፋይል ስም ውስጥ ወይዘሮን ሙሉውን ጻፉ፣ ወይም ነጥብ አድርጉ።

ፍለጋም አለ። «ፀሐይ» ብላችሁ ሰይማችሁ «ጸሀይ» ብላችሁ ብትፈልጉ አይመጣም። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ነው። ቤተሰብ ውስጥ ሦስት ሰው ሲሰይም ሦስት ዓይነት ይጽፋል፤ አንዱን አጻጻፍ ምረጡና ጻፉት፣ ተጣሉበትም።

አሁን የማደርገው ይሄን ነው። ስሙን አጭር አደርጋለሁ፣ በአማርኛ፣ ከሃያ ፊደል ባይበልጥ፤ ፊት ላይ ዓመት ወር ቀን። ዓመቱ የፈረንጅ ይሁን የእኛ ወስኑ፣ 2018 እና 2011 አንድ ዓመት ናቸው። ዝርዝሩን ሁሉ፣ ማን ተናገረ፣ የት፣ ማን ቤት ውስጥ ነበር፣ ከጎኑ በሚቀመጥ የጽሑፍ ፋይል እጽፋለሁ። እዚያ ጣሪያ የለም፤ እስከ ሰባት ቤት ጻፉ። ፎልደር ውስጥ ፎልደር ውስጥ ፎልደርም አልከምርም፤ ዊንዶውስ ከድራይቩ ፊደል ጀምሮ እስከ ፋይሉ ያለውን መንገድ በሙሉ 260 ላይ ይቆርጥ ነበር። ከ2016 ወዲህ ገደቡን ማንሳት ይቻላል፣ ግን ፕሮግራሙ ራሱ ረዥም መንገድ አውቃለሁ ማለት አለበት፣ ብዙዎቹም አይሉም። ከገለበጣችሁ በኋላ ደግሞ ቁጠሩ። 31 ከሰጣችሁ 31 መቀበል ነው። «ተጠናቋል» የሚለውን አትመኑ።

ከጠፉት አራት ሦስቱን በየቦታው አገኘሁ፤ አንዱ ኢሜይል ላይ፣ ሁለቱ ያጎቴ ልጅ ፍላሽ ላይ። የስሞቹ ግን አልተገኘም። ያለፈው ሳምንት አክስቴ ደውላ «ያኔ በዋትስአፕ ልከህልኝ አልነበረም ወይ? የድሮው ስልኬ መሳቢያ ውስጥ አለ» አለችኝ። ዋትስአፕ ደግሞ የሚላክለትን ድምፅ እዚያ ስልክ ላይ በራሱ ስም ነው የሚያስቀምጠው፤ ኤዩዲ፣ ቀኑ፣ ደብሊውኤ፣ አራት አኃዝ። ስለ እማማ አንድም ነገር የማይል ስም፣ የትም ቦታ ግን የሚገባ።

(ባቡር ሲገባ ይሰማል)

መጣች። አቆየው ወይስ ላጥፋው... በቃ ክፍት ይሁን።

— ሰላም የኔ ልጅ። ቆየህ እንዴ?
— አይ፣ አሁን ነው። ሞልተሽዋል?
— ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼው ነው ያደርኩት። እኔ ግን ምኑም አይታየኝም፣ አንተ እየው።

እሺ። ፋይሎች... ዋትስአፕ... ድምፅ። በቀን ላድርገው። 2018፣ ጥቅምት... አንድ አለ። ሁለት አለ። ሁለተኛው 38 ደቂቃ ነው።

— እሱ ነው?
— ስሙ ቁጥር ብቻ ነው አክስቴ። ካልከፈትኩት አላውቅም።
— ክፈተዋ!
— ቆይ፣ መጀመሪያ ልገልብጠው።

ገልብጫለሁ። አንድ፣ ሁለት ቦታ። መጠኑም እኩል ነው። እሺ፣ አሁን።

(የሲኒ ድምፅ፣ ከዚያ የአሮጊት ድምፅ በሩቁ ይሰማል)

እሳቸው ናቸው። አክስቴ አብራቸው ስሞቹን እየጠራች ነው። ቀረጻውን እዚህ ላይ ላቁመው።