መኪናዋ ስንት ናት?



ወደ ምረቃችሁ ስጋበዝ «ስለ ስኬት ተናገሪ» ተብዬ ነበር። ስለ ስኬት የሚናገር ሰው በየስልካችሁ ሞልቷል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለ አንዲት የስፌት መኪና ላውራችሁ።

ያደግሁት እዚሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበረው። የድርጅቱ ስም ሲያጥር «ኢንቺስ»፣ ቤቶቹ «ካዛ ኢንቺስ»፤ የእኛ ሰው አንድ ላይ ጠቅልሎ ካዛንቺስ አለው። እናቴ ይህን ታሪክ አታውቅም፤ ለእኔ የምትመኝልኝ ግን ያንኑ ነበር፤ የመንግሥት ሥራ፣ ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ። እኔ ደግሞ የራሴን ስፌት ቤት ተመኘሁ።

ከመጽሔት የቀደድኩትን የስፌት መኪና ፎቶ ከአልጋዬ በላይ ለጠፍኩ። ዛሬ «ማኒፌስት ማድረግ» የምትሉት እሱን መሰለኝ። ምኞታችሁን ጠዋት 3፣ ቀን 6፣ ማታ 9 ጊዜ ጻፉ የሚል ምክርም አይቻለሁ። በእኛ ጊዜ ስም አልወጣለትም እንጂ ነገሩስ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ያችን መኪና እያየሁ ተኛሁ። ወረቀቱ ወይቦ ጠርዙ ተጠቀለለ፤ መኪናዋ ግን አልመጣችም።

አንድ እሁድ እናቴ እቁብ እንድጥልላት ላከችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው የእቁቡ ዳኛ ብሩን ቆጥረው መዝገቡ ላይ ከጻፉ በኋላ «አንቺስ ምን አስበሻል ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ጎሽ! መኪናዋ ስንት ናት?»

ዝም አልኩ።

«አዲስ ነው የምትፈልጊው ያገለገለ? ብታገኚስ የት ታስቀምጫታለሽ?»

በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ መርካቶ ወርጄ ዋጋ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ያፈርኩትን ማፈር ዛሬም አልረሳውም። በማግስቱ ወረድኩና ጠየቅሁ፤ ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ድንጋጤው ግን በጀኝ። ቁጥር ካወቅሁ በኋላ ምኞቴ በየሳምንቱ የሚከፈል ነገር ሆነ። የእናቴን እንጀራ ለየምግብ ቤቱ እያደረስኩ በማገኛት ሳንቲም ግማሽ ዕጣ ገባሁ፤ አጎቴን ለምኜ ዋስ አደረግሁ። ዕጣው የወጣልኝ ከመጨረሻው ሦስተኛ ሆኜ ነው። እድለኛ ነኝ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም።

ያገለገለች ሲንጀር ገዛሁ። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ለጎረቤት ሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ አምጥታ ነበር፤ ጥለቱን ገልብጬ ሰፋሁት። ሌሊቱን ሙሉ በምላጭ አንድ በአንድ ፈታሁ፤ ጨርቁ እንዳይቀደድ ትንፋሼን ይዤ። ይህ ደግሞ ግድግዳዬ ላይ ከለጠፍኩት ፎቶ ውስጥ አልነበረም።

መመኘትን አልነቅፍም። እናቶቻችን ከማንም በፊት ያውቁበታል። «ልጄ ይዳንልኝ እንጂ፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ» ያለች እናት የተናገረችውን ልብ በሉ። ምኞቷ ቀን አለው፤ ዕዳም አለበት። ልጇ ድኖ ስለቷን ካላስገባች እንቅልፍ አይወስዳትም። በስልካችሁ የምታዩት ምኞት ግን ምንም ዕዳ የለበትም። የምጠረጥረው በዚህ ነው።

ጋብሪየል ኦቲንገን የምትባል ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለች። እ.ኤ.አ. በ2002 ከባልደረባዋ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ እንደ እናንተ ያሉ ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትላ ነበር። ጥሩ ሥራ ይዘው ራሳቸውን በሐሳብ አዘውትረው ያዩ የነበሩት ያስገቡት ማመልከቻ አነሰ፣ የቀረበላቸው ሥራ አነሰ፣ ደመወዛቸውም አነሰ። «አገኛለሁ» ብለው በእርግጥ የሚጠብቁት ግን ተሳካላቸው። ጣፋጭ ሕልም ያደረሰ ይመስላል፤ የደረሰ ሰው ደግሞ ቁጭ ይላል። እኔ አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ ያሳለፍኩት ሦስት ዓመት ይኸው ነው።

ካዛንቺስ አጠገብ አፍሪካ አዳራሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሲመረቅ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት ባለቀለም መስታወት ነበረበት፤ 150 ካሬ ሜትር፣ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና መጪ ዘመኗን የሚያሳይ። ያኔ ብዙ የአፍሪካ አገር ገና ነጻ አልወጣም። እንግዲህ ይህም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ምኞት ነው፤ ከእኔ መኪና የሚለየው የሠሪው እጅ ነው። አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ነበር፤ ወደ ሥዕል ዞረው ሙያውን ለዓመታት ተማሩ። መስታወት ደግሞ ምሕረት የለውም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ ከጎኑ ካለው ጋር ካልገጠመ ሥዕል አይሆንም። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር እዚያው አዳራሽ ተፈረመ። መሪዎቹ ቀን ከሌት ተከራክረው በእጃቸው ፈረሙ እንጂ መስታወቱ አልፈረመላቸውም። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተመርቋል፤ ዕድሉን ካገኛችሁ ገብታችሁ እዩት።

ያደግሁበት ቤት ዛሬ የለም። የካዛንቺስ ሰው በልማቱ ምክንያት በየአቅጣጫው ሄዷል፤ አንዱ ጎረቤቴ ከተማው ጫፍ ነው፣ ሌላዋ ከልጇ ጋር ናት። ጋሼም አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። እቁቡ ግን አልፈረሰም። አሁን ብሩን በቴሌብር እንልካለን፤ ዕጣው ሲወጣ ግን በአካል እንገናኛለን፤ ያለ ቡና አይሆንማ።

ጋዋናችሁን አጣጥፋችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ነገር አስቸግራችኋለሁ። ዛሬ ማታ የምትመኙትን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ጻፉ፤ ዘጠኝ ጊዜ አያስፈልግም። ከሥሩ ዋጋውን ጻፉ። ካላወቃችሁት ነገ ጠዋት ሄዳችሁ ጠይቁ። ማፈር ካለባችሁም ቶሎ እፈሩ፤ እኔ ሦስት ዓመት ዘግይቼ ነው ያፈርኩት።

የእኛ እቁብ አዲሱ ዙር ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሁለት ዕጣ ክፍት ነው። የምትፈልጉ ካላችሁ ዋስ ይዛችሁ ኑ።