ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜ፣ ከጾሙ በኋላ

(በምሩቃን መገናኛ ዕለት እንዳ ኢየሱስ ግቢ ከቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ቅርብ ጊዜ ምርምሮች ትንሽ ንገረን፤ ከእንስሳት ሥነ ምህዳር ጀምረህ ኬሚስትሪውንም ሌላውንም ሳይንስ አዳርስ» ብለውኛል። ሁሉን ላዳርስ ካልኩ ምሳው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የማወራው ስለ ጅብ ነው። ኬሚስትሪውም ድንጋዩም ከጅቡ ኋላ ተከትለው ይመጣሉ።

በዚህ ግቢ ላደረ ሰው ጅብን ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ማታ ከላይብረሪ ወጥታችሁ ወደ ዶርም ስትሄዱ ከኮረብታው ጀርባ የሚመጣውን ድምፅ ታስታውሳላችሁ። ከሌላ ክልል የመጣችሁትም «ዝብኢ» የሚለውን ቃል ለመማር ብዙ የቆያችሁ አይመስለኝም። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ2012 ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነሱም መካከል ሃንስ ባወርና በኋላ የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት የሆኑት ክንደያ ገብረሕይወት፣ ስለዚሁ ጎረቤታችን «ጆርናል ኦፍ አኒማል ኢኮሎጂ» ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጥያቄያቸው ማንኛዋም እናት ልትጠይቀው የምትችለው ነው፤ ሰው ሲጾም ጅብ ምን ይበላል?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በመቐለ ዙሪያ ጅብ የሚያድነው የዱር እንስሳ የለም ማለት ይቻላል። የሚኖረው በእኛ ትርፍራፊ ነው፤ በእርድ ተረፈ ምርት፣ በጥንብ፣ ከሥጋ ቤት ጓሮ በሚጣል አጥንት። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን አብዛኛው ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ የጅቡም ገበታ አብሮ ይታጠፋል። ተመራማሪዎቹ ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ የተጣለውን የጅብ ዓይነ ምድር ለይተው ሰበሰቡ። ውስጡ ያለውን ፀጉር እያወጡም የማን እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ለዩ።

ኬሚስትሪው እዚህ ላይ ይገባል። ጅብ አጥንት አድቅቆ የሚፈጭ ፍጡር ነው፤ ዓይነ ምድሩ ደርቆ ነጭ የሚሆነው ከአጥንቱ በሚቀረው ካልሲየም ነው። ፀጉር ግን አይሸነፍለትም። ፀጉር የተሠራበት ኬራቲን የተባለው ፕሮቲን ሰንሰለቶቹ በሰልፈር እርስ በርስ የተቆላለፉ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ የጨጓራ አሲድ ሳይፈታው ያልፋል። የፀጉሩ ቅርፊት አደራደር ደግሞ ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል፤ የበግ እንደ በግ፣ የአህያ እንደ አህያ ይነበባል። አጥንት የማይነግረንን ፀጉር ይነግረናል ማለት ነው።

ውጤቱስ? ከተገኘው ፀጉር ውስጥ የአህያ ድርሻ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ ነበር። በጾሙ ጊዜ 33.1 በመቶ ደረሰ። ከጾሙ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለውን ተረት ሁላችንም ስንጠቅሰው ኖረናል፤ በየትኛው ወር የበለጠ እንደማያስጥል ያወቅነው ግን ያኔ ነው።

እኔ ከሦስቱ ቁጥሮች አብልጬ የምወደው የመጨረሻውን ነው። ሁለቱን ብቻ ይዘን ቢሆን ኖሮ አንድ ብልህ ተማሪ ተነስቶ «መምህር፣ ይሄ የጾሙ ሳይሆን የበጋው ጉዳይ ነው፤ ሣር አልቆ አህያው ስለደከመ ነው የተበላው» ቢለን መልስ አልነበረንም። ከፋሲካ በኋላም ክረምቱ ገና ነው፣ ሣሩም አልበቀለም፤ የአህያው ቁጥር ግን ወረደ። ሥጋ ቤቱ ተከፈተ፣ ጅቡም ወደ ትርፍራፊው ተመለሰ። እርግጥ ነው 22 እና 15 አንድ አይደሉም፤ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ለዚህ ጥሩ መፈተኛ የሚሆነው ጾመ ፍልሰታ ነው ብዬ አስባለሁ። በክረምት ነው፣ ሣሩ ሞልቷል፣ አህያው ጠግቧል፣ ጾሙም አጭር ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች እዚህ ካላችሁ፣ ርዕሱን በነጻ ሰጥቻችኋለሁ።

ሁለተኛው የጅብ ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ቺንማይ ሶናዋኔ፣ ግደይ ይርጋና ኒል ካርተር ጅብ ለከተማው የሚሰጠውን አገልግሎት በሂሳብ አስቀመጡት። በመቐለ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ጥንብና የእርድ ትርፍራፊ ያነሳሉ። በዚህም 5 ሰዎችንና 140 ከብት፣ በግና ፍየል በአባ ሰንጋ ወይም በከብት ሳንባ ነቀርሳ ከመያዝ ያድናሉ ተብሎ ተገመተ፤ በገንዘብ ሲሰላ 52,165 የአሜሪካ ዶላር። ደስ ይላል፤ ግን አብሮ የተጻፈውንም ቁጥር አንብቡት። 207 ቶኑ በከተማው ከሚጣለው እንዲህ ያለ ቆሻሻ 4.2 በመቶው ብቻ ነው። ስለዚህ የጽዳቱን ሥራ ለጅብ ትቶ መተኛት አይቻልም።

ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ደግሞ ማናችንም በቅጡ ያልተነጋገርንበት ነገር ይታየኛል። ጅቡ የሚያጸዳው ለከተማው ሰው ነው፤ የሚበላው አህያ ግን በአብዛኛው የዳር አገሩ ገበሬ ነው። ውኃ የሚጫነው፣ ወፍጮ የሚወስደው፣ ማገዶ የሚያመጣው ያው አህያ ነው። ጥቅሙ በአንዱ ኪስ፣ ጉዳቱ በሌላው ኪስ ነው ያለው። ይህን የሚያካክስ ሥርዓት ማሰብ የባዮሎጂ ክፍል ብቻውን የሚወጣው አይደለም፤ የኢኮኖሚክስና የሕግ ምሩቃን፣ እናንተንም ይመለከታል።

ያ ጽሑፍ በወጣበት ዓመት ከተማችን ስልክም ባንክም ተቋርጦባት ነበር። ስለ መቐለ ጅቦች ሌላው ዓለም ሲያነብ መቐለ አላነበበችም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያለፈውን ለዚህ ጉባኤ መተረክ አያስፈልግም። እኔ እንደ ተመራማሪ የማየው ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ነው። ከጦርነቱ በፊት የሚለው ዓምድ፣ ለጅቡም ለአፈሩም ለዛፉም፣ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን እጅ ብዙ ተሞልቶበታል። በጦርነቱ ጊዜ የሚለው ተመልሶ አይለካም፤ ማን ወጥቶ የጅብ ዓይነ ምድር ይለቅማል? ሦስተኛውን ልንሞላው እንችላለን። ግን የመጀመሪያው ከጠፋ ሦስተኛው ትርጉም የለውም፤ ከምን ጋር ይነጻጸራል?

የመጀመሪያ ዓምድ ምን ያህል እንደሚጠቅም በድንጋይና በአፈር ላይ ከሠሩት እንማር። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲሄድ በትግራይ ሲያልፍ መሐንዲሶቹ ፎቶ አነሱ። ሐሳባቸው ጦርነት እንጂ ሥነ ምህዳር አልነበረም። ከ140 ዓመት በኋላ ያን ኒሰን፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንታችን ምትኩ ኃይለና ባልደረቦቻቸው ካሜራው ወደቆመበት ቦታ ሄደው ያንኑ መልክዓ ምድር እንደገና አነሱት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። አገሩ በ1868ም እጅግ የተራቆተ እንደነበረ፣ አሁን ደግሞ ከዚያ የተሻለ መሆኑን ፎቶዎቹ መሰከሩ። «ድሮ ሁሉም ደን ነበር» የሚለውን ወሬያችንን አፈረሱብን። ለለውጡ ምክንያት ከሆኑት አንዱን ደግሞ ደስታ ገብረሚካኤልና ባልደረቦቻቸው በ2005 እ.ኤ.አ. ለክተውት ነበር፤ በእርሻ ላይ የሚሠራ የድንጋይ እርከን የሚታጠበውን አፈር በአማካይ በ68 በመቶ ይቀንሳል። ብዙዎቻችሁ በተማሪነታችሁ ድንጋዩን ራሳችሁ ተሸክማችኋል። በከበባው ጊዜ ለማገዶና ለከሰል የተቆረጠውን ዛፍ፣ ያልተጠገነውንም እርከን ዛሬ መገመት የምንችለው እነዚህ ልኬቶች ስላሉን ነው።

ስለ ዳሎልም አንድ ነገር ልበል፤ ከዚህ በበርሃሌ በኩል የምንወርድበት ጎረቤታችን ስለሆነ፣ ያልተገኘም ነገር መመዝገብ እንዳለበት ስለሚያሳይም ጭምር። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርደው ይህ ቦታ ኩሬዎቹ አሲዳቸው ከዜሮ ፒኤች በታች ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ቡድን እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አገኘሁ አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን፣ የፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ፣ በዙሪያው ጨዋማ ውኃ ውስጥ ብዙ ሕይወት ቢያገኝም አሲድና ጨው በተደራረቡባቸውና ማግኒዥየም በበዛባቸው ኩሬዎች ውስጥ ምንም አላገኘም። ሕዋስ የሚመስሉት ክብ ነገሮች ሲሊካ ሆነው ተገኙ፤ ማዕድን በራሱ ጊዜ የሕዋስ መልክ ይይዛል። ከኩሬዎቹ የተገኘችው ጥቂት ዲኤንኤም በብዛት ከሰውና ከአካባቢው የመጣች ብክለት ሆነች። ማርስ ላይ ሕይወት ለሚፈልጉ ሰዎች ይህ «የለም» ወርቅ ነው። የእናንተም «ምንም አላገኘሁም» ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ የተዋችሁት ውጤት እንዲሁ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ብር አይደለም፤ ገንዘብ ያዡ እሱን በኋላ ይጠይቃችኋል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ጥሬ መረጃ ፈልጉልን። የመስክ ደብተሩን፣ በአሮጌ ፍላሽ ያለውን ኤክሴል፣ በሻንጣ ግርጌ የቀረውን ካርታ። የአፈር ናሙና ከየትኛው ማሳ እንደተወሰደ፣ የጅቡ ጥሪ በየትኛው ሌሊት እንደተቆጠረ የሚያሳይ ወረቀት ካላችሁ፣ የተቀዳደደም ቢሆን ይጠቅመናል። ውጭ አገር ያላችሁ ቅጂውን ብቻ ላኩ፤ ዋናው እጃችሁ ይቆይ።

ፎቶም እንፈልጋለን። ጋውን ለብሳችሁ በዚህ ግቢ የተነሳችሁት ፎቶ ሁሉ ከጀርባው ኮረብታው አለበት፤ በ1990ዎቹም በ2000ዎቹም። ቀኑንና የቆማችሁበትን ቦታ ከኋላው ጻፉበት። ፊታችሁ እንዳይታይ ከፈለጋችሁ ቆርጣችሁ ላኩ፤ ኮረብታውን ግን አትቁረጡብን።