ከአሮጌ ልብስ የሚወጣ እንጀራ
(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው ቀላል ስለሚመስል ነገር፣ ስለ አሮጌ ልብስ ነው። ርእሱ ለእንዲህ ያለ ጉባኤ አይመጥንም የሚል አይጠፋ ይሆናል። ነገር ግን አሮጌ ልብስ ሙያና ደመወዝ የሆነበት አገር አለና፣ ታሪኩን ሰምታችሁ ፍርዱን እንድትሰጡ እንለምናለን።

አስቀድመን ከራሳችን ጉድለት እንጀምር። ባለፈው ዓመት ከየመኝታ ክፍሉ ልብስና ጫማ ሰብስበን ለችግረኞች ማደላችንን ታስታውሳላችሁ። ሥራው በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ፤ እኛም ደስ ብሎን ተጨባበጥን። ኮት የደረሰው አንድ ወጣት ግን ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ሥራስ አላችሁ ወይ?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። ስለ ድህነት ስንከራከር የምናመሽ ሰዎች በአንዲት አጭር ጥያቄ አፋችን ተያዘ። ይህ ንግግር ለዚያ ወጣት የዘገየ መልስ ለመፈለግ የሚደረግ ሙከራ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ አሜሪቃ፣ ወደ ቦስቶን ከተማ እንሂድ። (የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ቄስ ኤድጋር ሄልምስ የተባሉ የሜቶዲስት ካህን በ1895 ሳውዝ ኤንድ በሚባለው የድኾች ሰፈር ባለች ጸሎት ቤት ማገልገል ጀመሩ። ሰፈሩ ከአውሮፓ በፈለሱ ሥራ ፈላጊዎች የተጨናነቀ ነበር። ቄሱ ከረጢት ይዘው ወደ ባለጸጎች ሰፈር እየሄዱ ያገለገለ ልብስና የቤት ዕቃ ይለምኑ ነበር። ዋናው ብልሃት ግን በልመናው ላይ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በተሠራው ላይ ነው። ሥራ ያጡት ሰዎች ልብሱን እንዲሰፉና ዕቃውን እንዲያድሱ አስተማሯቸው፤ ለድካማቸውም ከፈሏቸው። የታደሰው ዕቃ በዝቅተኛ ዋጋ ተሸጠ፤ የሽያጩም ገንዘብ ተመልሶ ደመወዝ ሆነ። በ1902 የተመሠረተው ይህ ሥራ ነው በኋላ ጉድዊል፣ ማለትም «በጎ ፈቃድ» የሚል ስም ይዞ የተስፋፋው።

ዛሬ ጉድዊል በአሜሪቃና በካናዳ 150 ያህል ራሳቸውን የቻሉ የአካባቢ ድርጅቶች አሉት፤ ከ3,000 በላይ መደብሮችም ያስተዳድራሉ። አሠራሩን በአጭሩ እንግለጸው። ሰው የማይፈልገውን ልብስ፣ መጽሐፍ፣ ሳህን ወይም ወንበር ወደ መደብሩ ያመጣል፤ ስለ ስጦታውም ደረሰኝ ይቀበላል፤ ሕጉ የሚፈቅድለትም ሰው ከሚከፍለው ግብር ላይ ይታሰብለታል። ሠራተኞች ዕቃውን ይለያሉ፤ ዋጋ ይለጥፉበታል፤ በየመደርደሪያው ያኖሩታል። ዕቃው በነጻ የመጣ ስለሆነ ወጪው ኪራዩ፣ ማጓጓዣውና ደመወዙ ነው። ከዚህ የተረፈው ወደ ባለ አክሲዮን ኪስ አይገባም፤ ለሙያ ትምህርት ይውላል እንጂ። ሥራ ፈላጊው የሥራ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ፣ በቀጣሪ ፊት እንዴት እንደሚቀርብ፣ በኮምፒውተር እንዴት እንደሚሠራ ይማራል። ከእስር የተፈታው፣ የአካል ጉዳት ያለበት፣ ትምህርቱን ያቋረጠ ሁሉ በሩን ሊያንኳኳ ይችላል። ለምሳሌ በኢንዲያና ክፍለ ሀገር ያለው ጉድዊል በ2010 በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ለጎልማሶች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፍቷል። እዚያ እናት ስትማር ልጇ እዚያው ይጠበቅላታል።

ከዚህም በላይ መደብሩ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ገንዘብ መቀበልን፣ ዕቃ መቁጠርን፣ በሰዓት መገኘትን የሚለማመደው እዚያው ቆሞ ነው። ለጋሹ፣ ገዢውና ሠራተኛው ሳይተዋወቁ አንድ ሰንሰለት ይሠራሉ። አባቶቻችን «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ግን ጌጡ» ያሉት ይህን የመሰለውን ነው።

ነገር ግን፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ የውጭውን ሁሉ እያደነቁ መመለስ የተማሪ ሥራ አይደለም። በአሜሪቃ በ1938 የወጣው የሠራተኞች ሕግ፣ ልዩ ፈቃድ ያለው ቀጣሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች እንዲከፍል ይፈቅድ ነበር፤ አንቀጹም ከፌዴራሉ ሕግ አልተሰረዘም። አንዳንድ የጉድዊል ድርጅቶች በዚህ ፈቃድ ተጠቅመዋል። ስለዚህም የአገሪቱ የዐይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን በ2012 ሕዝቡ ከጉድዊል እንዳይገዛ ጥሪ አደረገ። ቀጣሪዎቹ «ይህ ባይኖር ጨርሶ ሥራ አያገኙም ነበር» ሲሉ፣ ሠራተኞቹ «ድካማችን እንደ ሌላው ሰው ድካም ይቆጠር» ብለዋል። እኛ በበኩላችን ፍርዳችን ከሠራተኞቹ ጋር ነው። ሰውን ከልመና አወጣለሁ የሚል ድርጅት በደመወዙ ቀን መልሶ ለማኝ ሊያደርገው አይገባም።

ሁለተኛም ነገር አለ። በመደብሩ ያልተሸጠው ልብስ በኪሎ ይሸጣል፤ ከዚያም የተረፈው በቦንዳ ታስሮ ብዙው ባሕር ይሻገራል። ያ ቦንዳ በአፍሪቃ ገበያ ሲፈታ ለድኻው ርካሽ ልብስ፣ ለነጋዴው እንጀራ ይሆናል፤ ለልብስ ሰፊውና ለፋብሪካው ግን ብርቱ ተወዳዳሪ ነው። ሩዋንዳ በዚህ ምክንያት በአሮጌ ልብስ ላይ ቀረጥ ብትጨምር፣ አሜሪቃ በ2018 የሩዋንዳን ልብስ ያለ ቀረጥ የምታስገባበትን መብት አገደችባት። እንግዲህ በአንድ ከተማ ምጽዋት የሆነው ነገር በሌላው ከተማ ሙያ ሊያሳጣ እንደሚችል ማወቅ ይገባናል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አሮጌ ነገር ዋጋ እንዳለው ለማወቅ እኛ ቦስቶን መሄድ አያስፈልገንም። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን፣ «ልዋጭ!» እያለ አሮጌ ልብስ በሳህንና በብርጭቆ የሚለውጠውን ሁሉ እናውቃለን። በመርካቶ ምን አለሽ ተራ የተጣለ ብረት ምድጃ ሲሆን አይተናል። ሙያው በእጃችን ነው። የጎደለው ትርፉን ሙያ ለሌለው ወጣት ማስተማሪያ የሚያደርግ ማኅበር ነው።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በዚህ ዓመት የምንሰበስበውን ልብስ በአንድ ቀን ከማደል ይልቅ፣ ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ልብስ ሰፊ ከጎኑ ተማሪዎች ይዞ እንዲያድሰው እናድርግ። ሁለተኛ፣ የታደሰው በትንሽ ዋጋ ይሸጥ፤ ገዢው መርጦና ተከራክሮ የገዛውን ልብስ አንገቱን ሳይደፋ ይለብሰዋልና። በሽተኛው፣ ሽማግሌውና ሕፃኑ ግን እንደ ፊቱ በነጻ ይሰጣቸው። ሦስተኛ፣ የገባውና የወጣው ሳንቲም ሁሉ በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የበጎ አድራጎት ገንዘብ በጨለማ ከተቆጠረ ስሙ ይለወጣልና።

በዚህ ድህነት ይጠፋል ብለን አንመካም። አንድ የልብስ ስፌት መኪና የአገር ኢኮኖሚ አይለውጥም። ነገር ግን ያ ወጣት ዘንድሮ ተመልሶ ቢመጣና «ሥራስ አላችሁ ወይ?» ቢለን፣ «ና፣ ተቀመጥ፤ መርፌውን እንዲህ ነው የሚይዙት» ልንለው እንችላለን። አምና ይህን ማለት አልቻልንም ነበር።

ፍርዱ የእናንተ ነው።