ሳራ በርናር በካሜራ ፊት



ዛሬ ስለ ፈረንሳዊቷ ተዋናይት ስለ ሳራ በርናር ላወጋችሁ መርጫለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1844 ፓሪስ ተወለደች። በ1862 በታላቁ ቴአትር ቤት፣ በኮሜዲ ፍራንሴዝ፣ በራሲን ተውኔት በ«ኢፊጄኒ» መድረክ ላይ ስትወጣ ፍርሃት አንቀጠቀጣት፤ ሐያስያኑም ከቁም ነገር አልቆጠሯት። በዓመቱ ደግሞ ታናሽ እህቷን የገፈተረች አንዲት አንጋፋ ተዋናይትን በጥፊ መታችና ከቴአትር ቤቱ ወጣች። ስሟ የተጠራው በ1869 ኦዴዮን ቴአትር ቤት ነው። ከዚያ ወዲያ አሜሪካ ድረስ ዞረች፣ የራሷን ቴአትር ቤት መራች፣ በ1899 ሐምሌትን ሆና ተጫወተች።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሐምሌት የጎራዴ ፍልሚያ በፊልም ሲታይ ሳራ 55 ዓመቷ ነበር። ሲኒማ ለሕዝብ መታየት ከጀመረ ገና አምስት ዓመቱ ነው። በ1912 «ንግሥት ኤልሳቤጥ» ስትቀረጽ 67 ደርሳለች። እስቲ አስቡት፤ ሕዝቡ ለዓመታት የጎረፈው «ባለወርቅ ድምፅ» እያለ የሚጠራትን ሴት ሊሰማ ነው። ድምፅ አልባው ፊልም ይህን ሀብቷን ወስዶ ፊቷንና እጇን ብቻ ይተውላታል። እሷ ግን በፈቃዷ ገባችበት! የፊልም ነጋዴው አዶልፍ ዙከር ፊልሙን በአሜሪካ አሳየ፤ በዚህ ፊልም የጀመረው ኩባንያ ኋላ የፊልም ኩባንያው የፓራማውንት መነሻ ሆነ።

ፊልሙን ዛሬ ስታዩት እንቅስቃሴዋ ይበዛባችኋል። ክንዷ የኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ተመልካች የተዘረጋ ነው። እኔ ግን አከብረዋለሁ፤ ለካሜራ እንዴት እንደሚተወን የሚያስተምር ሰው በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል?

በ1915 ቀኝ እግሯ ተቆረጠ። በወንበር እየተሸከሟት ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባር ሄዳ ለወታደሮች ተጫወተች። በ1923 ታማ ከቤት መውጣት ሲያቅታት ካሜራው ወደ ቤቷ መጣ፤ እዚያ የሚቀረጸውን ፊልም ሳትጨርስ በመጋቢት ወር አረፈች።

ውድ የቴአትር ተመራቂዎች፤ የሬዲዮ ድራማ፣ የቴሌቪዥን ተከታታይ ወይም በስልክ የሚቀረጽ አጭር ፊልም ቢጠራችሁ፣ ለመድረክ ነው የተማርኩት ብላችሁ አትመልሱት። የተማራችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ግቡበት። እንኳን ደስ አላችሁ!