የአንድ አሮጌ መኪና የመሪ ድምፅ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ስለ ታላላቅ ግድቦች ወይም ስለ አዳዲስ ፋብሪካዎች ለመናገር አይደለም። ርእሴ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለ የአንድ መሥሪያ ቤት መኪና፣ መሪው ሲዞር ያሰማው ስለነበረው ድምፅ ነው። ነገሩ አነስተኛ መስሎ ቢታይም፣ በዚሁ ድምፅ ምክንያት ፊርማዬን በተሳሳተ ወረቀት ላይ አኑሬ ስለነበር፣ ታሪኩን ራሴን ሳልሸሽግ ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መኪናው በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ የፊት አክስሉ አንድ ወጥ የሆነ፣ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ፣ መሪውም በዘይት ግፊት የሚታገዝ የመስክ መኪና ነው። የመሪው ሳጥን በሻንሲው ላይ በብሎኖች ታስሯል፤ ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ ዘንጉን ይገፋል፤ ዘንጉም በቴስቲናዎች አማካይነት ጎማዎቹን ያዞራል። ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ነባር ሾፌር፣ "ጭነት ይዤ መሪውን አጥፌ ስመልስ ከእግሬ ሥር ቋ ይላል" ሲሉ አመለከቱ።

ጋራዡ በመጀመሪያ ቴስቲናዎቹን ለወጠ። በሁለተኛው ጊዜ የመሪውን ዘይት ቀይሮ በውስጡ የቀረውን አየር አስወጣ። በሦስተኛው የባሌስትራዎቹን ጎሚኒዎች ቀየረ። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ መኪናው በከተማው አስፋልት ላይ ተሞክሮ ድምፅ አልተሰማበትም፤ መስክ በወጣ ቁጥር ግን ድምፁ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ ጉዳዩ ለእኔ ቀረበ። እኔም ቴስቲናዎቹን በእጄ ነቅንቄ፣ ብሎኖቹን አስጠብቄ፣ መኪናውን አንድ ጊዜ በአስፋልት ነድቼ፣ "ድምፁ ለጉዞ የሚያሰጋ አይደለም" የሚል ወረቀት ፈረምኩ።

የሚቀጥለው ጉዞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን፣ ማለትም ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ሽቅብ በሚወጣው በዓባይ በረሃ መንገድ ነበር። ጋሼ ቁልፉን በጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ "ልጄ፣ የፈረምከው አንተ ነህ፤ ቁልቁለቱን የምወርደው ግን እኔ ነኝ" አሉኝ። በዚያች ሰዓት ቅር እንደተሰኘሁ አልክድም። ይሁን እንጂ ጉዞውን አቆይቼ ምርመራውን ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

በመጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ዕቃ መፍታት ሳይሆን ጥያቄ መጠየቅ ነበር። ድምፁ መቼ ይሰማል? መቼስ አይሰማም? መልሱን ከጋሼ ጋር ሆነን በወረቀት ላይ አሰፈርን። መኪናው ባዶውን በአስፋልት ሲሄድ ድምፅ የለም። ጭነት ይዞ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ መሪው ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ፣ አቅጣጫው በሚለወጥበት ቅጽበት ድምፁ በግልጽ ይሰማል። ሞተሩ ጠፍቶ መሪው በትንሹ ሲነቀነቅ አይሰማም። የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ከመሬት ሲነሱም አይሰማም።

ከእነዚህ አራት መስመሮች ብዙ ነገር መረዳት ይቻል ነበር። ድምፁ መኪናው ቆሞ ከተሰማ፣ የሚሽከረከሩት የጎማ ኩሽኔታዎች ከጥርጣሬ ይወጣሉ። ልቅ የሆነ ቴስቲና በአነስተኛ ኃይልም ቢሆን ይንኳኳል፤ ይህ ግን ከባድ ኃይል ካላገኘ አይናገርም። እንደሚታወቀው ጎማ ለመዞር እጅግ የሚከብደው ጭነት ተሸክሞ መሬት ላይ በቆመበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው የላላ መጋጠሚያ ሳይሆን፣ ጠንካራ መስሎ በከባድ ኃይል ጊዜ ብቻ የሚላወስ አካል ነበር። የቀደሙት ሙከራዎች ሁሉ በባዶ መኪና በመደረጋቸውም፣ የተደረጉት ጥገናዎች ድምፁን ያዳኑት መስሎን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1816 ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ ወረቀት ጠቅልሎ የታማሚ ደረት ማዳመጡ ይታወቃል። እኛም ጋሼ መሪውን ሲያዞሩ ረጅም ዘንግ ከጆሯችን ጋር አገናኝተን እያንዳንዱን አካል አዳመጥን። ከሁሉ የጎላው ድምፅ የተሰማው በመሪው ሳጥን ላይ ነው። መካኒኩ ሳጥኑ ይለወጥ አለ፤ ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ድምፅ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5,000 ሜትር ያህል፣ ማለትም በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ወደ 15 እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ይተላለፋል። ስለዚህ ከሳጥኑ ጋር የታሰረ ማናቸውም አካል በሳጥኑ በኩል ሊናገር ይችላል።

በዚህም ምክንያት ሳጥኑን ከመፍታታችን በፊት፣ ከሳጥኑ ወደ ሻንሲው የሚሻገር አንድ ቀጥ ያለ መስመር በጠመኔ አሰመርኩ፤ ሌላም መስመር በሻንሲው ላይ ከሳጥኑ አጠገብ ወደ ውጭ አስረዘምኩ። መሪው ሲዞር በሳጥኑና በሻንሲው መካከል ያለው መስመር አልተዛነፈም፤ ብሎኖቹ በእርግጥ ጠባቂዎች ነበሩ። በሻንሲው ላይ ያለው መስመር ግን በጭቃ ከተሸፈነ አንድ ቦታ ላይ ተሰብሮ ተመለሰ። ቦታውን በላምባና በሽቦ ብሩሽ ስናጸዳው፣ ከብሎኑ ቀዳዳ ተነሥቶ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል የሄደ ስንጥቅ ተገኘ። ከፊሉ ዝጓል፤ ከፊሉ ግን እርስ በርሱ እየተፋተገ አንጸባርቋል። ሲናገር የኖረው እርሱ ነው።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሳጥኑ ዘንጉን በሚገፋበት ኃይል ልክ ሻንሲውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ የዘይቱ ግፊት ደግሞ ይህን ኃይል ከሰው ክንድ አቅም በላይ ያሳድገዋል። ጀርመናዊው ቮለር በ19ኛው ምዕተ ዓመት በባቡር አክስሎች ላይ ባደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ብረት በአንድ ጊዜ በቀላሉ የሚሸከመው ኃይል እልፍ ጊዜ ሲደጋገምበት ይሰብረዋል። ስንጥቁ ጥቂት ቢቀጥል ኖሮ ሳጥኑ ከነቁራጩ ይገነጠል፣ መሪውም ጎማዎቹን ማዘዝ ያቆም ነበር። ያ የሚሆነው ደግሞ ከባድ ኃይል በሚጠየቅበት ቦታ፣ ጭነት ይዞ በጠባብ መታጠፊያ ላይ ነው።

ለጥገናው ሳጥኑ ተፈታ፤ የስንጥቁ ጫፍ ዘልቆ በሚገባ ቀለም ተለይቶ እንዳይቀጥል ተበሳ፤ ስንጥቁ ተሞርዶ ተበየደ፤ በላዩም ኃይሉን በሰፊው የሚያከፋፍል የብረት ሳህን ተደረበበት። ሙከራውም በዚህ ጊዜ ጭነት ተጭኖ ተደረገ። ድምፁ ጠፋ፤ እኔ ግን በዝምታው ብቻ ሳልወሰን፣ ቦታው ከመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ጸድቶ እንደገና እንዲታይ አዘዝኩ። ሲታይም ደኅና ነበር።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ የፈረምኩትን ወረቀት አልቀደድኩትም። በላዩ ላይ "ስሕተት ነው" ብዬ ጽፌ ከመኪናው መዝገብ ጋር አያይዤዋለሁ። በዚህ አጋጣሚ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ይኸውም በምንመራቸው ጋራዦች ሁሉ የሾፌሩ አቤቱታ በራሱ በሾፌሩ ቃል እንዲመዘገብ፣ ሙከራውም ድምፁ ተሰማ በተባለበት ሁኔታ እንዲደረግ ነው። "ጭነት ይዤ" የሚለውን የጋሼን ቃል በመጀመሪያው ቀን ጽፈነው ቢሆን ኖሮ፣ ሦስቱ ጥገናዎችና የእኔ ፊርማ ባላስፈለጉም ነበር።